በአዊ ምድር ለሚያልፍ እንግዳ የተሰጠ ምስክርነት

አንድ ሰው ለወዳጁ፥ «በእገሌ ከተማ ስታልፍ በእገሊት ቤት እረፍ፤ ጠላዋ የጠራ፥ ቤቷም የጸዳ ነው» ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ፥ ነገሩ ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን ጠልቀው ቢመረምሩት ይህ ቃል ምስክርነት ነው። ሰሚው ቃሉን አምኖ ኪሱን ይፈታል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይገባል፤ ከማድጋ የተቀዳለትንም ሳይጠራጠር ይጠጣል። የተመሰገነችውም ሴት በዚያ ቃል ምክንያት የዕለት እንጀራዋን ታገኛለች። የሐሰት ምስጋና እንግዳውን ይጎዳል፤ የሐሰት ነቀፋም ባልቴቲቱን ያስርባል።

እኛ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል እየጻፍን ከ20 ዓመት በላይ ስለ ኖርን፥ ያዩትን ብቻ መናገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን። ምስክሩ «ሰማሁ» ሲል አንድ ነው፤ «አየሁ» ሲል ሌላ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወዳጆቻችን በየጊዜው፥ «በአገራችሁ ስናልፍ የት እንረፍ? ምን እንጠጣ? ለቤታችንስ ምን ገዝተን እንመለስ?» እያሉ ስለሚጠይቁን፥ ለሁሉም በአንድነት የሚሆን መልስ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለመጻፍ አሰብን። የተወለድነው በዳንግላ ነው፤ የምንሠራውም በእንጅባራ ነው፤ ከዳዊት ደገማ ተነሥተን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባነውም ኋላ የምንተርከው የጠላ ጋን በከፈለልን ገንዘብ ነው። እንግዲህ ስለ መጠጥ ስንናገር ስለ እናታችን ቤት መናገራችን ስለ ሆነ፥ ቃላችንን መዝነን ልንጽፍ ይገባናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገደኛ ቡሬን ካለፈ በኋላ ጥሊሊንና ኬሳን አልፎ እንጅባራ ይደርሳል፤ ከእንጅባራም በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ይወርዳል። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለውም መንገድ በቻግኒ አድርጎ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አገር ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሰባት ቤት አገው ምድር ነው። ሽማግሎች ሰባቱን ቤት ሲቆጥሩ አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም ይላሉ። የአገሬው ሰው በአውንጊ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ከእንግዳ ጋር ግን ያለ ችግር በአማርኛ ይጫወታል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልናሳስብ ይገባናል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አንሥቶ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ስለዚህ ማንም ሰው ጕዞ ሳይጀምር በዚያው ሰሞን ከመንገዱ የመጡትን ሰዎች ይጠይቅ፤ «ጸሐፊው መስክሯልና» ብሎ በችኮላ አይነሣ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው በመንገድ ዳር ተቀምጦ የሚሸጠው ድኻ ነው። ምስክርነታችንም ዛሬ ያስፈለገው ስለዚህ ነው፤ እንግዳው ጥቂት በሆነበት ዘመን የሚመጣው እያንዳንዱ እንግዳ ወደ ደግ ቤት እንዲገባ ያስፈልጋልና።

አሁን ወደ ማረፊያው ነገር እንግባ። ከኬሳ ወደ እንጅባራ ሲመጡ፥ ከአውራ ጎዳናው ብዙ ሳይርቅ ዘንገና የሚባል ሐይቅ አለ። ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ሲሆን፥ ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል እንደ ሆነ ተጽፏል። ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል፤ ነፋስም በማይኖርበት ጧት ውኃው ጸጥ ብሎ ሰማዩን እንደ መስተዋት ያሳያል። ከቤተ ሰብ ጋር ግማሽ ቀን ለመዋል ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አናውቅም። ነገር ግን አፋፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ውኃውም ከዳር ጀምሮ ይጠልቃል። ስለዚህ ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው ዋና ከለከለኝ ብሎ አይዘን፤ ማየት ብቻውን ይበቃል። ምሳውን ከቤት ይዞ ይሂድ፤ የበላበትንም ፌስታልና ጠርሙስ መልሶ ይውሰድ። በጥሊሊም በኩል ጥርባ የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይደርስበት ጸጥታን ለሚወድ ሰው የተስማማ ነው። ፏፏቴ ማየት የሚወድ ደግሞ በእንጅባራ አቅራቢያ ያለውን የፋንግን ፏፏቴ ይጠይቅ፤ ክረምቱ እንደ ወጣ በመስከረምና በጥቅምት ቢመጣ ውኃውን በሙላቱ ያገኘዋል።

ቀኑን ለመምረጥ የሚችል ሰው ግን ጥር 23 ቀን ይምጣ። በዚያ ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ይህ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ የቆመ ነው። ፈረሶቹ በጌጥ ተሸልመው በሜዳው ላይ ሲሮጡ ያየ ሰው፥ ፈረስ ለዚህ አገር ሕዝብ መጓጓዣ ብቻ አለመሆኑን ያስተውላል። ገበሬው ዛሬም በፈረሱ ገበያ ይሄዳል፤ ሙሽራውንም በፈረስ ያጅባል።

ዳንግላም በታሪክ የታወቀች ከተማ ናት። በፈረንጆች ዘመን ከ1925 እስከ 1934 ድረስ ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንሲል በዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ይህም ሰው የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ መርምሮ በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። ከአዊ ጋር በሚዋሰነው በሰከላ ወረዳም የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ይገኛል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምንጩ ዘንድ በደረሰ ጊዜ፥ ከዚያው ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጊዮርጊስ ጤና መጠጣቱን ራሱ ጽፏል። ይሁንና ከእርሱ በፊት በ1618 ጴጥሮስ ጳኤዝ የሚባል ካህን ያንኑ ሥፍራ አይቶት ነበር፤ ከሁለቱም በፊት ደግሞ የአገሬው ሰው በየዘመኑ ሲጠጣው ኖሯል። እንግዲህ ይህ ምድር ከውኃው ጀምሮ እንግዳ እየጠጣ ያመሰገነው ምድር ነው ማለት እንችላለን።

ስለ ንግዱና ስለ እጅ ሥራው ደግሞ ጥቂት እንናገር። በእንጅባራ በኩል የሚያልፍ ሰው በመንገድ ዳር የተደረደረውን የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ሳያይ አይቀርም። ቀርከሃው በዚያው ደጋ የሚበቅል ነው፤ ሠሪዎቹም በተቀመጡበት ሰንጥቀው፥ አጕብጠው፥ ገጣጥመው ሲሠሩ ዓይን ያያቸዋል። የሚገዛ ሰው ወንበሩን ተቀምጦበት ይነቅንቀው፤ ካልተንጫጫ ይግዛው። እርጥብ ቀርከሃ ኋላ ይሰነጠቃልና ደረቅ መሆኑን ይጠይቅ። ዋጋ መቀነስ በገበያ የተፈቀደ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሠሪው ሁለት ቀን ሙሉ የደከመበትን ነገር በግማሽ ዋጋ ወስዶ መኩራት ለትልቅ ሰው አይገባም። ድንችም የደጋው ሀብት ስለ ሆነ በጆንያ ተሸክመውት የሚሄዱ መንገደኞች ብዙ ናቸው።

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፥ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ መንገደኛው ኮረብታው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ተሸፍኖ ያያል። ይህ ከአውስትራልያ የመጣ፥ ገበሬው ዲከረንስ ብሎ የሚጠራው ዛፍ ነው። ገበሬው ችግኙን ተክሎ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎም ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ አራት ወይም አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ ቈርጦ ከሰል ያከስለዋል። መሬቱንም እንደ ገና አርሶ ይዘራበታል። በከተማ ምድጃ ላይ የሚነደው ከሰል ሁሉ የዱር ደን አጥፍቶ የመጣ የሚመስለው ሰው ይህን አይቶ ይረዳ፤ የተዘራ ዛፍና የተመነጠረ ደን አንድ አይደሉምና።

ከዚህ በኋላ ብዙ ወዳጆቻችን ወደሚጓጉለት ወደ መጠጡ ነገር እንመጣለን።

የአገራችን ጠላ እንዲህ ይጠመቃል። አስቀድሞ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ተጠንስሶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያም የገብስ ብቅል ይፈጫል፤ ቂጣም ተጋግሮ ይቆራረስና አብሮ ይደፈደፋል። ከዚያ ወዲያ እንኩሮው ታምሶ ይጨመራል፤ ፈልቶ ሲበርድም ውኃ ተሞልቶበት አፉ ይታሸጋል። ሳይጠለል የተቀዳው ጉሽ ይባላል፤ ከአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ ሁለተኛ የሚቀዳው ቅራሪ ይባላል፤ ይህም ለደከመ ሠራተኛና ለውኃ ጥም የሚሆን ነው። ጥሩ ጠላ በሽታው ይታወቃል፤ የወይራው ጢስ ይሸታል እንጂ ጋኑ አይሸትም።

ጠጅም ለወዳጅ የሚቀርብ መጠጥ ነው። አባቶች «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» ያሉት ለክብሩ ነው። የባለሙያዎቹ ልክ በአብዛኛው አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ነው፤ ጌሾውም ገብቶ ወጥቶ መጠጡ ቀናት ወይም ሳምንታት ይጠብቃል። ይሁንና በማር ፈንታ ስኳር በጥብጠው፥ ቢጫ ቀለም ጨምረው፥ «የማር ጠጅ» እያሉ የሚሸጡ አሉ። እኛም በአንድ ቤት እንዲህ ያለውን ጠጥተን ራሳችንን ሁለት ቀን አሞናል፤ የቤቱን ስም ግን አናነሣም። ወዳጆቻችን እንዳይታለሉ ምልክቱን ብቻ እንናገራለን፤ የስኳር ጠጅ ምላስ ላይ ጣፍጦ ወዲያው ይጠፋል፤ የማር ጠጅ ግን ከተዋጠ በኋላ የአበባው ሽታ በአፍ ውስጥ ይቈያል።

የማያሰክር ለሚሻ ሰው ብርዝና ቀሪቦ አሉ። ብርዝ ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣ ነው። ለቀሪቦ ደግሞ ገብስ ጠቆር እስኪል ተቈልቶ ይፈላል፤ ከተጠለለና ከበረደ በኋላ ስኳርና ጥቂት እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። ልጆችም፥ ጠላ የማይጠጡ እንግዶችም በአንድ ገበታ ሲቀመጡ ቀሪቦ ሁሉን ያስማማል። ስለዚህ «ድግስ ያለ መጠጥ አይሆንም» ለሚሉ ሰዎች መልሳችን ቀሪቦ ነው።

ግብጦን ደግሞ ያላየ እንግዳ ሊጠይቅ ይገባዋል። ግብጦ በአዊና በምዕራብ ጎጃም በብዛት የሚዘራ ጥራጥሬ ነው፤ እንዳለ ቢቀምሱት ይመራል። ስለዚህ ተቈልቶ ለብዙ ቀን በሚፈስ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ መራራነቱም ከወጣ በኋላ ተፈልፍሎ በጨው እንደ ቈሎ ይበላል። ከእርሱም የግብጦ አረቄ ይወጣል፤ በአገራችንም ዝናው ታላቅ ነው። ስለ አረቄ ግን ምስጋናችንን እናሳጥራለን፤ ምክንያቱንም እንናገራለን።

በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙው የዱላ ነገር ከአረቄ ቤት ደጅ እንደሚጀምር አይተናል። ተከሳሹ ቆሞ «ሰክሬ ነበር፤ አላስታውስም» ይላል። ነገር ግን ወዶ የሰከረ ሰው ስካሩን ጋሻ ሊያደርገው አይችልም፤ የተመታውም ሰው ቍስል በስካር ምክንያት አይቀልም። ከወንጀሉም መዝገብ ይልቅ የሚያሳዝነን የቤተ ሰቡ መዝገብ ነው። ሚስት ቀርባ «በሬውን ሸጦ ጠጣው» ብላ ስትናገር፥ ልጆቿ በችሎቱ ደጅ በእግራቸው አፈር ሲጭሩ እናያለን። ብዕራችንም የሚጽፈው «የአመልካች ቃል» ብሎ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ በመንደር ጕሊት ሁሉ ሊጠበቅ የሚችለው ግን ሻጪቱ በልቧ የተቀበለችው እንደ ሆነ ነው።

ታዲያ መጠጥ የሚሸጥበትን ቤት እንዴት ብለን እናመሰግናለን? ለዚህ መልሱን ያገኘነው ከእናታችን ቤት ነው።

እናታችን በዳንግላ ጠላ እየጠመቁ ይሸጡ ነበር። አባታችን ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች የቀረናቸው በአንድ ክፍል ቤትና በሁለት ጋን ነው። ገበያ በሚውልበት ቀን ገበሬዎች ከብታቸውን ሸጠው፥ ገንዘቡን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይገቡ ነበር። እናታችን ሁለት ዋንጫ ይቀዱላቸዋል፤ ሦስተኛውን የጠየቀ ሰው እንደ ሆነ ግን፥ «ወንድሜ፥ መጀመሪያ የቋጠርከውን ለእኔ አስቀምጥ፤ ነገ ባለቤትህ መጥታ ትውሰድ» ይሉታል። አንዳንዱ ይሥቃል፤ አንዳንዱ ይቈጣል፤ «ጠላ ሻጭ ሆነሽ ልታስተምሪኝ ነውን?» ብሎ ወደ ሌላ ቤት የሄደም ነበር። ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ሚስት ግን በማግሥቱ ጧት ትመጣለች፤ እናታችንም በፊቷ ቈጥረው ያስረክባሉ። ፊደልና ቍጥር ስለማያውቁ፥ የማን ገንዘብ የማን እንደ ሆነ እንዳይሳሳቱ እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ጨርቅ ቋጥረው ያስቀምጡት ነበር። እኛም ማንበብ እንደ ተማርን የመጀመሪያው የመዝገብ ሥራችን የእነዚያን ባለ ጨርቆች ስም መጻፍ ሆነ።

በዚህ ልማድ ምክንያት ቤታችን በሀብት አልከበረም። በዚያው መንደር ሳይከለክሉ የሚቀዱ ቤቶች ቆርቆሮ ሲያለብሱ፥ የእኛ ቤት ሣር ለብሶ ለብዙ ዓመት ኖሯል። ዳሩ ግን ገበሬዎቹ ከሚስቶቻቸው ጋር የሚመጡባት ቤት እርሷ ብቻ ነበረች። ሴቶቹም ገብስና ጌሾ ለመሸጥ በመጡ ጊዜ አስቀድመው ወደ እናታችን ይመጡ ነበር።

ስለዚህ ለወዳጆቻችን የምንሰጠው መለኪያ ይህ ነው። በማናቸውም ከተማ የመጠጥ ቤት ሲመርጡ፥ በመጀመሪያ ጋኑንና ዋንጫውን ይዩ፤ ሁለተኛም ሴቶችና ሽማግሎች ያለ ፍርሃት የሚገቡበት መሆኑን ይዩ፤ ሦስተኛም ባለቤቲቱ «ይበቃሃል» ለማለት የምትችል መሆኗን ይጠይቁ። ሦስተኛው ከተገኘ ሁለቱ አብረውት ይገኛሉ። ገንዘብዎን ቢረሱ በማግሥቱ የሚያገኙበት ቤት፥ እርሱ የምናመሰግነው ቤት ነው። የሴቶቹን ስም በጋዜጣ መጻፍ ስለማይገባን አንጽፍም፤ ነገር ግን በእንጅባራም በዳንግላም ለአንዲት እናት «ልጅዎን ይዘው የሚገቡበት ጠላ ቤት የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ፥ ጣቷን ዘርግታ ታሳይዎታለች።

ይህ ነገር ባለፈው ጥር በገዛ ቤታችን ክርክር ሆኖ መጣ። የበኵር ልጃችንን ልንድር በተዘጋጀን ጊዜ፥ ባለቤታችን ድግሱ በጠርሙስ ቢራ እንዲሆን ፈለገች። «ሰው ሁሉ ቢራ በሚያቀርብበት ዘመን የጸሐፊው ቤት ጠላ ቀዳ ይሉናል፤ ልጄም በአማቶቿ ፊት ታፍራለች» አለች። ልጃችንም አንገቷን ደፍታ ከእናቷ ጋር ሆነች። ነገሩን ቀላል አድርገን አላየነውም፤ የሴት ልጅ ክብር በሠርጓ ቀን ቀላል ነገር አይደለምና። የቢራ ፋብሪካም ቢሆን የገበሬውን ገብስ ይገዛል፤ ለብዙ ሰው ደመወዝ ይከፍላል፤ እርሱን መንቀፍ አልፈለግንም።

በዚያን ቀን እናታችን ከዳንግላ መጥተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት አልፏል፤ ጠላ መጥመቅም ከተዉ ብዙ ጊዜያቸው ነው። የልጅ ልጃቸውን ወደ እርሳቸው ጠርተው በአውንጊ ጠየቋት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ለሠርግሽ የሚጠጣውን የሚጠምቀውን ሰው ስሙን ታውቂዋለሽ ወይ?» ልጃችን ዝም አለች። እናታችንም ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግሥቱ ልጃችን ራሷ በሠፈራችን ወዳሉት ወደ ሦስት ጠላ ጠማቂዎች ሄደች። ከእነርሱ አንዲቱ ባሏ የሞተባት፥ ሁለት ተማሪዎች የምታሳድግ ሴት ናት፤ የዚያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ እንግዳ ስለ ጠፋ ጋኗን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ባለቤታችንም ነገሩን አይታ፥ «እንግዲያው ቢራው ለሚሹት ሰዎች ጥቂት ይሁን፤ የቀረው ጠላ ይሁን» ብላ አስታረቀችን። ጌሾው በእኛ ግቢ ተወቀጠ፤ ሴቶቹም ጋኖቻቸውን በወይራ ሲያጥኑ ጢሱ ሠፈሩን ሞላው። ጠጅ በልኩ ቀረበ፤ ለልጆችና ለማይጠጡ ሰዎች ቀሪቦ ተጠለለ። አረቄ ግን አልቀረበም።

ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ሄደ ብለን ብንጽፍ ምስክርነታችን ጕድለት ያገኘዋል። አንድ የቅርብ ዘመዳችን አረቄ በመከልከሉ «ተናቅሁ» ብሎ ምሳ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄዷል፤ ሽማግሌ ልከን እስከ ዛሬ አልታረቀም። ይህ ያሳዝነናል። ነገር ግን በዚያ ምሽት ሁሉም ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ በማግሥቱም ከሠርጋችን የመጣ መዝገብ በፍርድ ቤቱ አልተከፈተም። ባሏ የሞተባትም ሴት ከተከፈላት ገንዘብ የልጆቿን ደብተር እንደ ገዛች ለባለቤታችን ነግራታለች።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በሥራ ምክንያት ከአገር ወደ አገር የምትዘዋወሩ፥ በሄዳችሁበትም ቃላችሁ የሚሰማ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ በዚህ ምድር ስታልፉ ዘንገናን እዩ፤ ቀርከሃውን በሚገባው ዋጋ ግዙ፤ ጠላውንም ስሟን ከምታውቋት ሴት እጅ በልክ ጠጡ። ከጠጣችሁም በኋላ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ንጹሕ ቤት ካገኛችሁ ለሌላው መንገደኛ በእውነት መስክሩለት፤ ጕድለትም ካያችሁ በአደባባይ ሳይሆን ለባለቤቲቱ በጆሮዋ ንገሯት። የአንድ እንግዳ የታመነ ቃል፥ ጋኗን ደፍታ ለተቀመጠች እናት ከብዙ ምጽዋት ይበልጣል።